የዘመመው አሊፍ

መጋላ ያለው ሱቅ ሊፈርስ ሰሞን፣ ከአሮጌው ሚዛን ሥር
አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ወጣ፣ ክዳኑ በዝገት የታሰረ።
ወንድሜ ወርቅ መስሎት በቢላ ፈለቀቀው።
ወረቀት ነው። ሳቀና ወደ እኔ ገፋው፦
"ቁርኣን ቤት የጨረስሽው አንቺ ነሽ፤ በይ አንብቢው።"

ሁለት ጥቅል ነው፤
በቆዳ ጠፍር የታሰረው የንግዱ፣
በቀይ ክር የታሰረው የቤቱ።
ቅድመ አያቴ አብዱሰመድ ወዚር እንዲህ ነበር አሉ፣
ጨውና ስኳር በአንድ ጆንያ አያሳድርም።

ከጠፍሩ፣ በአረብኛ፣ ጅቡቲ ላለው ለሙሴ ስታማቲ፦
"ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ሁለት መቶ ቆዳ ወሰደብኝ፤
የቀረውም ረጥቦ ሸተተ።
እኔም ንዳድ ጥሎኝ ሃያ ቀን ከአልጋ አልወረድኩ።
ሒሳቡን ሁለት ወር ይታገሡኝ።
አቡጀዲዱን ግን አያዘግዩብኝ፣
የሠርግ ወር መጥቷል፣ ሰው እየጠየቀ ይመለሳል።"

ከቀዩ ክር፣ በጌይ ሲናን፣ ሐረር ላለችው ለፈቱም፦
"አልሐምዱሊላህ፣ እጅግ ደህና ነኝ።
የድሬ ሙቀት በርዷል፣ ገበያው ጥሩ ነው።
ለትልቁ ልጅ ጫማ ልኬያለሁ፤
ቢሰፋው ጥጥ ጠቅጥቂበት፣ ያድግበታል።"

ቀኑን ሁለት ጊዜ አየሁት። አንድ ቀን ነው።
አንድ ብዕር፣ አንድ ቀለም፣ ምናልባትም አንድ ኩራዝ።

እንግዲህ ማንን ነው የዋሸው?
ለአበዳሪ ማቃሰት የነጋዴ ወግ ነው፤
ትርፉን ጓዳ ይከታል፣
ኪሳራውን እንደ በርበሬ ደጅ ያሰጣል።
ለሚስት ሲሆን ደግሞ ይገለብጠዋል፤
ትርፍ ደጅ፣ ኪሳራ ጓዳ።

ከቆርቆሮው ወለል ላይ የተጣበቀች ብጣሽ ባትኖር
እስከ ዛሬ እጠራጠር ነበር።
በጥፍሬ አነሳኋት፦ "ከዚራ፣ መድኃኒት ቤት፣
ኪኒን፣ ሁለት ጠርሙስ፣ የተከፈለ።"

ለካ እውነቱን የነገረው ለባዕዱ ነው!
እኔ በፈቱም ፈንታ ተቆጣሁ፣
ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ጣልኩት፣
ወንድሜ "ምን ሆንሽ?" እስኪለኝ።

እሷ ግን አልተቆጣችም። መልሷ ይኸው፣
ደንጌጎን በበቅሎ የወረደው፣
ጀርባው ላይ የሎሚ ሒሳብ አለበት፤
ወረቀት ማባከን አትወድም።

"ደህና ነኝ ማለትህን አነበብኩ።
አሊፍህ ግን ዘመመብኝ።
አንተ አሊፍ የምታቆመው እንደ ሚናራ ነበር፣
የአሁኑ የአንበጣ እግር ይመስላል።
ማር ልኬያለሁ፣ ሎሚ፣ ወፍራሙን ጋቢ።
ጋቢውን ለእንግዳ እንዳታነጥፈው።
ስለ ግሪኩም ሰምቻለሁ፤
ወሬ በሸዋ በር ከበቅሎ ቀድሞ ነው የሚገባ።
የእናቴን አምባር በሰባ ጠገራ አስይዣለሁ።
ማን ዘንድ እንደሆነ አትጠይቀኝ።
ጫማው ሰፍቶታል፣ ጥጥም አልበቃው፤
አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ጠፍቶ ስንፈልግ ዋልን።
ሌላ ጊዜ ደህና ነኝ ስትል
ቁጭ ብለህ፣ እጅህን አሳርፈህ ጻፈው።"

የእሱን መልስ በቀዩ ክር ውስጥ ፈለግሁ።
የለም። ስለ ስኳር ዋጋ አለ፣ ስለ ላምባ አለ፣
ስለ ልጁ ጥርስ አለ፤
ስለ አምባሩ አንድ ቃል የለም።

ሊመሽ ሲል ጠፍሩን ደግሜ ፈታሁት።
ከዕዳዎቹ ዝርዝር ራስ ላይ፣
ከሙሴ ስታማቲ ከፍ ብሎ፣ ከጉምሩክ ከፍ ብሎ፣
"አምባር፣ አንድ" ይላል።
ጨው ከስኳር የተቀላቀለባት አንዲት ወረቀት።
ከሥሩ ያሉት ሁሉ መስመር ተሰርዞባቸዋል፣ ተከፍለዋል፤
እሱ ላይ ውሃ ነክቶት ቀለሙ ፈሷል።
መስመር ይሁን ጠብታ፣ ወደ መስኮቱ ባስጠጋውም አልለይ አለኝ።

እናቴ በልጅነቷ ፈቱም እቅፍ ውስጥ ነው ያደገችው።
ደውዬ ጠየቅኳት፦ "አምባር ታደርግ ነበር?"
ዝም አለች። ከወዲያ ማዶ ባጃጅ ሲያልፍ ይሰማል።
"እንጃ" አለች፣ "እጇን የማስታውሰው
ሁልጊዜ ሊጥ ውስጥ ነው፣
እስከ ክንዷ ድረስ ነጭ።"