ቀለጠ

ማርተን ክሪክ፣ ከጥድ ጫካና ከወረቀት ፋብሪካ በቀር
ምንም የሌላት ከተማ፣ የሆኪ ቡድን ነበራት፤ «ግንደ ቆርቁር»።
እኔ የመኪናዋ ነጂ፣ በየእረፍቱ መሀል
የተቧጨረውን በረዶ በሙቅ ውሃ የምኩል።

ዋንጫው በመጣበት ጥር፣ ጥርሰ ወላቃው ቴሪዮ መታ፤
ቄሱ ባርኔጣ ወረወሩ፤ የቆርቆሮው ጣሪያ ሁካታ።
አዳራሹ ቀለጠ፤
በረዶው ግን እንዳለ ነበር፣ እንደ ድንጋይ።

ከዚያ ፋብሪካው አንዱን ማሽን፣ ቀጥሎም ሌላውን ዘጋ፤
የበረኛው ደሞዝ ሆነ ግማሽ ብር፣ ግማሽ የአጋዘን ሥጋ።
ቴሪዮ ታክሲ ያዘ። አውቶቡሱ በጨረታ ተሸጠ።

በመጨረሻው ጨዋታ ቆጠርኳቸው፤ አርባ አንድ ሰው፣
ዘጠኙ የበረኛው ዘመድ፣
አንዱ ቤቱ ማሞቂያ የተቆረጠበት ነው።

ሚያዝያ ላይ ከማዘጋጃ ቤት ደብዳቤ መጣ፤
የማቀዝቀዣውን ማብሪያ በዚህ እጄ አጠፋሁ።
በሦስተኛው ቀን ብመለስ፣ ቀዩ መስመር ከሰማያዊው ተቀላቅሎ
ወደ ፍሳሹ ይሄዳል፣ ቀስ ብሎ።

ማታ እናቴን ልጠይቅ ሄድኩ፣
ዘመን የተምታታባትን።
«አዳራሹስ?» አለችኝ።
«ቀለጠ» አልኳት።
ከትራሷ ቀና አለች፤
«ማን አገባ?»