አምስት መቶ ቅጂ

አምስት መቶ ቅጂ ኮምቦልቻ ተኝቷል፤
በወንድሜ ሱቅ ውስጥ፣
ከስኳር ጆንያ ሥር፣ አቧራ ለብሷል።

እኔ ሻርጃ ነኝ፤ ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣
በልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ መስኮቷ ሰማይ በማታሳይ።
የሦስት ዓመት ደሞዜን ማተሚያ ቤት በላኝ፤
ወንድሜ ሽፋኑን በስልክ አሳየኝ፤
ወረቀቱ ይሻክር ይለስልስ፣ ጣቴ ገና አልነገረኝ።

"መጻፍሽ ካልታወቀ መጻፍሽ ምን ዋጋ?"
አለችኝ ሂክማ ከአጅማን ደውላ፣ ሌሊቱ ሲነጋጋ።
ሂክማ ብዙ ታውቃለች፤
ሽቶና ሻሽ በስልክ ሸጣ ለእናቷ ቤት ሠርታለች።

"መጀመሪያ ስምሽን አንድ አድርጊው፤
ቴሌግራም ሌላ፣ ቲክቶክ ሌላ፣ ፌስቡክ ሌላ ስም፤
ገዢ አንዲትን ሴት ሦስት ቦታ አይፈልግም።
ከስሙ በታች ጻፊ፣ አጭር ይሁን፣ አይብዛ፦
መጽሐፉ ማን ይባላል፣ ስንት ብር፣ ከየት ይገዛ።
ዋጋ ደብቀሽ 'በውስጥ መስመር' አትበይ፤
የቸገረው ሰው መጠየቅ ያፍራል፣ ዝም ብሎ ይሄዳል፤ አታይም ወይ?
ዓርብ ዓርብ ማታ፣ ሁሌ በአምስት ሰዓት፣
አንድ ገጽ አንብቢ፤ ሁለተኛ አትጨምሪበት።
ልብ ሊሰቀል ሲል ዝጊው፤
የራበው ነው ዳቦ የሚገዛው።
ለጻፈልሽ መልሺ፤ ልብ ብቻ የላከውን አትናቂ፤
ያነበበ ካገኘሽ፣ መጽሐፉን ይዞ ፎቶ እንዲነሣ ጠይቂ።
ደግሞ ፊትሽን አሳዪ።"

እዚህ ላይ ዝም አልኩ።
ፊቴን?
መጽሐፉ ውስጥ እኮ ማዳም አለች፣ ከነአምባሯ፤
በር ዘግታ የምታለቅሰው አለ፣ ከነሰዓቱ፣ ከነምስጢሯ።
እሷስ አማርኛ አታውቅም። ልጇ ግን ስልክ ታውቃለች፤
አንድ ቁልፍ ተጭና ቋንቋ ትገለብጣለች።

ስለዚህ ፊቴን ተውኩ። እጄን ቀረጽኩ፣ ደብተሩን፣
ከኋላ የተሰጣውን የትራስ ልብሱን።
መጀመሪያ ጊዜ ዘፈን ከሥር አስገብቼ፣
"ፍጠኑ! ጥቂት ነው የቀረው!" ብዬ ዋሽቼ
(አምስት መቶው አንድ ሳይጎድል ቁጭ ብሎ)
አርባ ሺህ ሰው አየው።
"ስንት ሸጥክ?" አልኩት ወንድሜን።
"አንድ ሰው መጥቶ ነበር" አለኝ፤ "ስኳር ገዝቶ ሄደ።"

በቀጣዩ ዓርብ ዘፈኑን አጠፋሁ። ውሸቱንም።
አንድ ገጽ አነበብኩ፣ በሹክሹክታ፣ ቤቱ እንዳይነቃብኝ፤
ማሽኑ እየዞረ፣
ከውጭ የላይኛው ፎቅ ኤሲ ቆርቆሮው ላይ
ጠብ... ጠብ... እያለ።
ሰባ አንድ ሰው አየው። ዘጠኝ ሰው ጻፈ።
አንዷ ከሪያድ፦ "ይህቺ ልጅ እኔ ነኝ፤ ማን ነገረሽ?"
አንዱ ከደሴ፦ "እህቴ እዚያ ናት፤
ለምን ስልኩን ቶሎ እንደምትዘጋ ዛሬ ገባኝ።"
ለዘጠኙም መለስኩ፣ አንሶላ እያጠፍኩ፣ በአንድ አውራ ጣት።
በአራት ወር ሠላሳ ስምንት ቅጂ ወጣ፤
ወንድሜ የስኳሩን ጆንያ ፈቀቅ አደረገ።

አንድ ማታ ቆሻሻ ልጥል ስወርድ፣
አሳንሰሩ ውስጥ አንዲት ልጅ አለች፣ አያንቱ፣ የአራተኛ ፎቅ፤
ከዓይን ሰላምታ በቀር አንዳችን የአንዳችንን ድምፅ የማናውቅ።
"ትወርጃለሽ?" አልኳት።
ቆሻሻዋን እንደያዘች ደርቃ ቀረች።
"ጠብ... ጠብ..." አለች፣ እንደ ይለፍ ቃል፤
"ያ ውሃ የኛ ነው! ባንቺ ቆርቆሮ ላይ የኛ ኤሲ ያፈሰዋል!
አራት ወር ሰማሁሽ፣ ከራስሽ በላይ ተኝቼ፣
ኩዌት ያለሽ መስሎኝ!"

ሮጣ ወጣች። አሳንሰሩን በእግሬ ያዝኩት።
ስትመለስ መጽሐፉ በእጇ ነው፣ በአገር ጋዜጣ ተጠቅልሎ፤
አክስቷ ልጅ ነው ያመጣላት፣ ከበርበሬ ጋር ጠቅልሎ።
"ፈርሚልኝ" አለች። እስክሪብቶ የለንም።
"ፎቶ ልነሣ?" አለች። እጃችንን ብቻ አነሣን፣
አራት እጅ፣ ሁለቱ ቆሻሻ የያዙ።

ገጹን በጣቴ ዳሰስኩት።
ይሻክራል።
ገና እንዳልታጠበ ፎጣ።