ልጡ የራሰ

ሰኔ ነው፤ ፀሐይ አትጠልቅም በዚህ አገር፣
ሌሊቱ ነጭ ነው፣ ታጥቦ እንደተሰጣ ነገር።
ከካርሂላምፒ ሐይቅ ውሃ በቱቦ ይመጣል፣
ደመና በሌለበት፣ ግንዱ ላይ ይዘንባል።
«ደርቆ እንዳይሰነጠቅ፣ ጥንዚዛ እንዳይገባው»
ብሎኛል ኦይቫ፣ ሥራ የጀመርኩ ለታ ስጠይቀው።
እኔ ግን ክምሩን ከመስታወቴ ጀርባ ሆኜ ሳየው
ልጡ የራሰ፣ ጉድጓዱ የተማሰ ነው።

ክሬኑ ይዘረጋል፣ አንድ እቅፍ ያነሳል፣
የመጋቢው ደረጃ ላይ አምጥቶ ይዘረግፋል።
አንዱ ብረት ከፍ፣ ሌላው ብረት ዝቅ፣
ደረጃ እንደሚወጣ ሽማግሌ፣ ቆም ብሎ ትንፋሽ ሲሰርቅ።
ሁለት ተቃቅፈው ከመጡ ፔዳሉን እረግጣለሁ፤
አንዱን ወደኋላ አንከባልዬ፣ አንዱን አስገባለሁ።
አንድ፣ አንድ ብቻ። ሰንሰለቱ አይወድም ግርግር።
ወፍራሙ ጫፍ ይቀድማል፣ ቀጭኑ ይከተላል ከሥር።

ቀለበቱ፣ ምን ልበላችሁ፣
የሚዞር አንገት ነው፣ ጥርሱ ወደ ውስጥ የበቀለ፤
ስድስት ስለት፣ የግንዱን ወገብ አቅፎ የዋለ።
አይቆርጥም። ይጫናል። ያንን ቀጭን እርጥብ ድንበር፣
በቅርፊትና በእንጨት መሃል ያለውን፣ ያገኘዋል እንደ ዕውር
በዳበሳ።

በጥር አይሆንም። በረዶ ቅርፊቱን ከሥጋው ይሰፋዋል፣
ስለቱ ይጮኻል፣ ጎማው ይሸታል፣ ራውኖ በሬዲዮ ይቆጣል።
አሁን ግን ሰኔ ነው፣ ወዙ ሽቅብ ወጥቷል፤
ዝናብ የመታው ልጅ ሸሚዙን እንደሚያወልቅ፣ ግንዱ ይወጣል
ከልብሱ፤ ነጭ፣ የሚያንሸራትት፣ ያፈረ፣
ልጡ ከወለሉ ላይ ተጠቅልሎ ቀረ።

ኦይቫ በዚያ ሲያልፍ ዘሎ ነው የሚራመድ።
ሦስት ጣት አለው በቀኙ፤ ሁለቱን
የወሰደው የድሮው ማሽን ነው፣ ያ ክፍት ሰንሰለት፣ ያ ጉድ።
እባብ ያየ በልጥ በረየ ቢባልም፣
ለኦይቫ እባቡ ልጡ ራሱ ነው፤ ሌላ እባብ አያውቅም።

ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ አንድ ወፍራም ጥድ መጣ፣
በጎኑ የቆየ ቁስል፣ ከንፈር የገጠመ።
ቀለበቱ ከንፈሩን ገለጠ፤ ከሥሩ ፊደል ወጣ።
ሁለት ፊደል፣ አንድ መስቀል፣ ዓመቱ ግማሽ፦ አሥራ ስምንት መቶ ምናምን።
እጄ ቀዩን ቁልፍ መታ፤ አልጠየቀኝም፣ ለምን።

«ምን ቆመ?» አለ ራውኖ።
«ብረት ሳይኖርበት አይቀርም» አልኩት።
ዋሸሁት።

ኦይቫ መጣ፣ ልጡን ዘሎ፣ መነጽሩን ሰቅሎ፣
ፊደሉን በሦስት ጣቱ ዳበሰው፣ ቀስ ብሎ።
«በእናቴ መንደር» አለ «ሬሳ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲወሰድ
ጥድ ሥር ያሳርፉት ነበር፣ በቤቱና በመቃብሩ መንገድ፤
የታችኛውን ቅርንጫፍ መልምለው ስሙን ይቀርጹበታል።
ሟች ሌት ቤቱ ሲናፍቀው ተነስቶ ይመጣል፤
እዚህ ሲደርስ ስሙን ያነባል፣ መሞቱን ያስታውሳል፣
ይመለሳል።»

ዝም አልን። የቆመ ሞተር ሲቀዘቅዝ ጠቅ ጠቅ ይላል።
ከዚያ ኦይቫ ግንዱን እንደ በር አንኳኳው፣ ሁለት ጊዜ፣ በጣቱ።
«ብረት የለውም። ልቀቂው» አለና ሄደ፣
ልጡን እየዘለለ፣ ወደ ሞረድ ቤቱ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ አሥራ አንድ ደቂቃ። ምክንያት፦ ብረት፣ ጥርጣሬ።
ጥዱ ወደ መጋዙ ሄደ፤ ሳንቃ ሆኗል ይሄኔ የሆነ አገር፣ ዛሬ።
ቅርፊቱ እንደ ሁልጊዜው በቀበቶ ተጭኖ
ወደ ቦይለሩ ወረደ፣ ከሌላው ልጥ ጋር አንድ ሆኖ።
የመንደሩን ቧንቧ ሁሉ የሚያሞቀው ያ ምድጃ ነው፤
ከወለል ሥር፣ በግድግዳ ውስጥ፣ ቤት ለቤት የሚያልፈው።

ንጋት ላይ ገባሁና፣ እጄን ልታጠብ
ቧንቧውን ከፈትኩት።
ሞቆ ነበር።
ትንሽ ቆይቼ ነው የዘጋሁት።