የዘፌሪኖ ሰሌዳ

ማለዳ በአንድ ሰዓት፣ ጭጋጉ ሳይገፈፍ፣
ዘፌሪኖ ወርዶ ከድንጋዩ ጫፍ
ገመድ ያሰረበት ባልዲውን ይጥላል፤
ሞልቶ ይስበዋል፤
ቴርሞሜትር ነክሮ እስከ መቶ ይቆጥራል።
ከዚያ በጠመኔ፣ በተጣመመ እጁ፦
ውሃው፣ አሥራ አምስት።
ነፋስ፣ ከሰሜን። ባንዲራ፣ ቢጫ።

ሐምሌ ነው። ግን እዚያ፣ በፖርቱጋል ጠረፍ፣
ሐምሌ ዝናብ የለው፣ ድፍርስ ወንዝ፣ ጎርፍ፤
ሐምሌ ማለት ሐሩር፣ የተላጠ ጀርባ፤
ከሊዝበን የመጣው፣ ከማድሪድ የመጣው፣
ሸሚዙን አውልቆ እየሮጠ ገባ፣
እየጮኸ ወጣ።
ሽቅብ አንጋጠጠ፦
«ይቺ ፀሐይ ለታይታ ነው እንዴ የወጣችው?»

«ፀሐይዋስ እውነት ናት፤ ነፋሱ ነው ጉዱ።
የሞቀውን ገፎ ወደ መሐል ሲነዳ
ከሥር ያደረው ነው ሽቅብ የሚወጣው፣
ጨለማ ያሳደገው፣ ለብርሃን እንግዳ።
አሁን ያቀፈህ እሱ ነው፤ ገና መድረሱ ነው፤
ፀሐይንም አያውቅ፣ አንተንም አያውቅ፤
ትንሽ ጊዜ ስጠው።»

የእንግዳ ማረፊያዋ ባለቤት ኤርሜሊንዳ
በቀትር መጣች፣ ሳህን ሸፍና።
«ዘፌሪኖ፣ ስማኝ፤ ሁለት ብቻ ጨምር።
አሥራ ሰባት ብትል ባሕሩ አይከስህ፣
ውሃ አይመሰክር!
ትናንት ሦስት ቤተሰብ ሻንጣውን አነሳ።»
ሳህኑን ገለጠች፦ የተጠበሰ ዓሣ።
በላ፤ ጣቱን ላሰ፤
እሾሁን ለወፎች በትኖ ጣለላቸው፤
አሥራ አምስቱን ግን አልነካቸው።

ያልነገራት አለ።
ከአምስት ዓመት በፊት፣ ለሌላ ሰው ብሎ፣
ሁለት ጨምሮ ነበር፤ ጠመኔ ርካሽ ነው።
ቁጥሩን ያመነ ልጅ ርቆ ዋኘ፤ ቆየ፤
ክንዱ እምቢ አለው፤
ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኖ በጀልባ አወጡት።
ልጁስ ድኗል፤ ጢም አብቅሏል፤
በየዓመቱ መጥቶ «እንደምን ዋልክ» ይለዋል።
ያ «እንደምን ዋልክ» ነው
እስከ ዛሬ የሚቆረጥመው።

በደብተሩ ውስጥ የሃያ አንድ ዓመት ባሕር አለ፦
የካቲት፣ አሥራ ሦስት፤ «ከቄሱ በቀር የገባ የለም፤ እሱም ለስእለት።»
ግንቦት፣ አሥራ አምስት፤ «ሁለት ጀርመኖች፣ ቁርስ ሳይበሉ።»
አንድ ገጽ ላይ ቁጥር የለም፤ «ባልዲው ተወሰደ» ብቻ ይላል።

ነሐሴ ሲጋመስ ቀይ ባንዲራ ወጣ።
ከሁለት አረፋ መካከል ዝም ያለው፣
ሞገድ የማይሰበርበት፣ መስተዋት የመሰለው፣
እናቶች ለልጆቻቸው የሚመርጡት ቦታ፣
እሱ ነው ጎታቹ፤
ሰው ግን ጸጥታን ማን ፍራ ብሎት ያውቃል?
ዘፌሪኖ ያን ሳምንት
በፊሽካ ከንፈሩ ቆሰለ።

ከዚያ ሰው አለቀ።
ጃንጥላው ተጠቀለለ፤ አይስክሬም ሻጩ ቆልፎ ሄደ፤
የሰሜኑ ነፋስ እንደ ደከመው ሰው ቁጭ አለ።
መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣
የብሱ ሲቀዘቅዝ፣ ወይኑ ተለቅሞ ሲያልቅ፣
ባሕሩ፣ ያ ዘገምተኛ፣
የሐምሌን ፀሐይ አሁን ገና ሰማ።
ባልዲው ሲወጣ፦ አሥራ ዘጠኝ።

ኤርሜሊንዳ አየች፣ በሯን ስትቆልፍ።
«አሁን ነው የምትጨምረው? ማን ሊያነብልህ?»
«አልጨመርኩም።»
«ውሸታም።»
ስልሳ ሁለት ዓመት በዚህ ውሃ ፊት ለፊት አንሶላ አስጥታለች፤
እግሯን ነክራ አታውቅም።
ጫማዋን አወለቀች፤ አንዱን እዚህ፣ አንዱን እዚያ፤
ቀሚሷን ሰበሰበች፤
ቁርጭምጭሚት፤ ጉልበት፤
ቀሚሱን ለቀቀችው፤ ወገብ፤
ከዚያ ዝም አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታው።

ዘፌሪኖ ጠመኔውን ኪሱ ከትቶ
እስከ መቶ መቁጠር ጀመረ።