ሁለት ደብዳቤ፣ አንድ መኪና

ከፍርድ ቤቱ አጥር ማዶ፣ ከላስቲክ ዳሴ ሥር፣
መኪናዬ ትንኳኳለች፣ የሰው ነገር ስትቋጥር።
«ራ» ፊደሏ ትዘላለች፤ ሃያ ዓመት አገልግላ፣
ዘይት እንጂ ደመወዝ አትል፣ አታውቅ የፈቃድ ተድላ።

ዛሬ ጠዋት እትዬ ዝማም፣ የአዘዞዋ ሰሊጥ ነጋዴ፣
ተቀመጡ፣ ተነሡና፣ ተቀመጡ ደግሞ አንዴ።
«ዋጋው ወርዷል፤ መጋዘኑ እስከ ጣራው ታጭቋል፤
የባንኩ ወለድ እንደሁ፣ እኔ ስተኛም ይነቃል።
ክፉ አይደለሁም፤ ታውቀኛለህ፤ ከየት አምጥቼ ልክፈል?
ጻፍልኝ፣ ለስለስ አድርገህ፤ ጠበቅም ያለ ይምሰል፤
‹የቀን ሠራተኛ ነሽ› በል፤ ሐሰት አይደለም፤
ከመተማመን በቀር፣ በመካከላችን ወረቀት የለም።»

ጻፍሁ።
ማኅተሙን እፍ ብለው መቱ፤
ሒሳቤን ሳይከራከሩ ሰጡ፤ ወጡ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ወደ ቀሃ ስታዘነብል፣
አንዲት ሴት መጣች፣ ወረቀቷ በላብ ርሶ ሊቀደድ ሲል።
ውብርስት ነው ስሟ። በመሠረተ ትምህርት ያወቀችውን ፊደል
እንደ ሰሊጥ እየለቀመች፣ በጣቷ ስትነጥል፣
«የቀን ሠ… ተኛ» አለችና ቆመች።
«ማን ነው የተኛ?
አሥራ አንድ ዓመት ጠጠር ከፍሬ ስለይ፣ ዓይኔ እስኪፈዝ ድረስ፣
በወለድሁ በአሥራ አምስት ቀኔ፣ ጡቴ እያፈሰሰ ስመለስ፣
መቼ ነው የተኛሁት?»

«ራ» ናት የጎደለችው፣ ብዬ እንዴት ልንገራት?
ከመጋዘኑ ቀድማ፣ የእኔው መኪና እንደነጠቀቻት?

አዲስ ወረቀት አጎረስሁ። ከሳሽ፣ እሷ።
ተከሳሽ፣ የጠዋቷ ደንበኛዬ።
«ሦስት ወሩ ሳያልፍብሽ አስገቢ፤ ምስክርስ አለሽ?» አልኋት።
«አጠገቤ የምትለቅም አንጓች ነበረች፤
አሁን ስታየኝ መንገድ ትቀይራለች።
አልፈርድባትም፤ ልጆች አሏት።
የአውራ ጣቴ አሻራ ግን፣ ከክፍያው መዝገብ ላይ አለ፤
በየአሥራ አምስት ቀኑ፣ አሥራ አንድ ዓመት የተተከለ።
በቀን ለተቀጠረ ሰው፣ እንዲህ የረዘመ ቀን የት አለ?»

ይህቺን እንዳለች ጻፍኋት።
«ሠራተኛ» ባለበት ሁሉ፣ «ራ»ን በእስክርቢቶ ሞላሁላት።
«ጽሕፈቱ የዚያኛውን ይመስላል» አለች፣ አገላብጣ።
«መኪና ሁሉ አንድ ነው» አልሁ።
ግማሽ ዋጋ ተቀበልሁ፤ ግማሹ ሲፈረድላት ሊመጣ።

ማታ፣ ካርቦን የሚያቀብለኝ ልጅ፣ ገብያው፣
አራት ዓመቱ ከእኔ ጋር፣ ቁርሱ ከእኔ፣ ምሳው ከእጣው፣
«ጋሼ» አለኝ፣ «የእኔስ ውል የት ነው ያለው?»

«ቶሎ በል፣ መኪናዋን ሸፍን፤ ዝናብ ሊመጣ ነው» አልሁት።

ጥር ነበር።