ሁለት መሬት

ሚክሰሩን የገዛሁት ከኦሬስት ነው፣
ሰልከርክ ጎዳና ላይ፣ ጋራዡ ውስጥ፣ አቧራ ካለበሰው፤
አሥራ ስድስት ቻናል፣ ክብደቱ የበሬ፣
በመኪናዬ ወንበር፣ በቀበቶ አስሬ፣
አመጣሁት ቤቴ፣ ቀስ እያልኩ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣
የዊኒፔግ መንገድ በረዶ፣ ፍሬን የማይበጅ።

ሽማግሌው ደጅ ድረስ ሊሸኘኝ ወጣና
አንድ ነገር ለመነኝ፣ ገንዘቡን ቆጠረና፦
«ዘጠነኛው ላይ ያለው ፕላስተር አይነሳ።»
በእስክሪብቶ የተጻፈ፣ ቀለሙ የሳሳ፣
በሀገሩ ፊደል ነው፤ ያነበበልኝም እሱ፦
ኦልጋ።
ማን ናት አላልኩም። ተንቀጠቀጠ ከንፈሩ፣ አልወጣም ትንፋሹ።

ያቤጽ ልጄ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቱ።
ከመስከረም ወዲህ ጠቅላላ ንግግሩ
«እሺ» ነው፤ ካልሆነም በር ነው መዝጋቱ።
ቤዝመንት ወረድን፤ እሱ ማኑዋሉን ዘርግቶ፣
እኔ ጠረጴዛ ስር፣ ባትሪ በጥርሴ፣ ወገቤ ተቀጥቶ።

የአውቶቡስ መካኒክ ነኝ፤ ሽቦ አያስፈራኝም።
የዚህ ግን ቋንቋው ቶሎ አልገባኝም፦
የሚክሰሩ መውጫ፣ ግራና ቀኙ፣ ወደ መቅረጫው፤
ከመቅረጫው ደግሞ ወደ ሚክሰሩ መመለሻ፤
ወጥቶ የገባ፣ ገብቶ የወጣ፣ መድረሻው መነሻ።

«አብራው!» አልኩት።
ጮኸ።
ጮኸ ግድግዳው፣ ጮኸ የልብስ ማጠቢያው ቆርቆሮ፤
አንዱ የነገረውን ሌላው ሰምቶ፣ ጨምሮ፣
ያም በእጥፉ መልሶ፣ ይሄም ደግሞ አክሮ፣
ልክ እኔ ስቆጣ የራሴን ቃል ይዤ እንደማበው።
ያቤጽ ዘሎ አጠፋው።
«አባዬ፣ የራሱን ድምፅ ለራሱ ላክኸው!»
አምስት ቃል። ቆጠርኳቸው።

መመለሻውን ነቀልን። ጩኸቱ ሞተ።
ከስሩ ግን ሌላ ነገር ነበር፣ እኛን እያየ ያደፈጠ፦
እምምምምም
ቂም እንደያዘ ሰው፣ አፉን ሳይከፍት።
ገመድ ቀየርን፤ አልሄደም።
አምፖሉን አጠፋን፤ አልሄደም።
ማሞቂያውን አጠፋን፤ ውጭው ከዜሮ በታች ሠላሳ አንድ፤
ሙሉእመቤት ፎቅ ላይ ወለሉን በተረከዟ መታችው፤
ማሞቂያውን መለስን። እምታው አብሮን አመሸ።

እኩለ ሌሊት ላይ ያቤጽ ሶኬቶቹን አየ፦
ሚክሰሩ በወዲህ ግድግዳ፣ ኮምፒውተሩ በወዲያ።
«ግራውንዳቸው» አለኝ፣ «አባዬ፣ ተለያየ።»
መሬት ማለቱ ነው።
«ሁለት መሬት ስላላቸው ነው የሚያጉረመርሙት?» አልኩት።
«እሺ» አለ።

(አውቃለሁ ምን እንደምትሉ።
ሁለት መሬት ያለው፣ የሚያጉረመርመው፣
ወርቁ ይሄውልህ ብላችሁ ልትቆፍሩ ነው።
ተዉት። የማወራው ስለ ኤሌክትሪክ ነው።
ሰሙም መዳብ ነው፣ ወርቁም መዳብ ነው።)

ሁለቱንም በአንድ ማከፋፈያ፣ በአንድ ሶኬት ሰካን።
ተጠርጎ የደረቀ ክፍል የመሰለ ዝምታ።
ውሃ በቧንቧ ሲወርድ ሰማን።
ማይኩን ዘጠነኛው ላይ ሰካ፤
በፕላስተሩ ዙሪያ ጣቱን አዞረ፣ ጽሑፉን ሳይነካ።
ከዚያ ረጅሙን ገመድ እየጎተተ
ልብስ ማጠቢያው ክፍል ገባና ዘጋው።

ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ ጫንኩ።
መጀመሪያ ትንፋሽ። ቀጥሎ ጉሮሮ መጥረግ።
ድምፁ መቼ ነው እንዲህ የወፈረው?
አንድ ጣሪያ ስር ነን፤ እኔ የት ነበርኩ?
«አንድ፣ ሁለት… አንድ፣ ሁለት…
አባዬ፣ ይሰማል?»
አረንጓዴዋ መብራት ዘለለች፤ ቢጫዋን ነካች፤ ወረደች።

የመመለሻው ገመድ ጭኔ ላይ ነው፣ እንደተነቀለ።
ብመልስለት አይሰማኝም፤ በሩን ካላንኳኳሁ በቀር።
አላንኳኳሁም።

«አንድ፣ ሁለት… ኧረ አባዬ! እዚያ ነህ?»

ቀዩን ቁልፍ ተጫንኩት።