የማን ደላላ?

ሃያ ዓመት በበረዶ አውቶቡስ ነድታ፣
ሳንቲም በሳንቲም ላይ ደራርባ ከትታ፣
ታች ልትኖርበት፣ ላይ ሁለቱን ልታከራይ፣
ጊስሌን ሞንትሪያል ውስጥ ቤት ወጣች ልታይ፤
ባለ ሦስት በር።
«ለምላስ አልከፍልም፤ ዓይን አለኝ» አለች።

የሻጩ ደላላ፣ ባለ ቀይ ስካርፍ፣
ደጅ ቆሞ ጠበቃት፤ ምላሱ አያርፍ።
«ዕዳሽን የሚከፍል ተከራይሽ አይደል ወይ?
እጅሽን አጣጥፈሽ ሁለት ቤት ኪራይ!»
እሷም በልቧ ደመረች፤ ድምሩ አማራት።

ጠመዝማዛው የብረት ደረጃ በረዶ ለብሷል።
ሦስተኛው ፎቅ ላይ ሽማግሌው ኦኔዚም፣
የአርባ ዓመት ተከራይ፣ ብዙ አይናገሩም፣
ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው
ወለሉ ላይ አኖሩት፤
ዝም ብለው ተመለከቱት።
ማንም ሳይነካው፣ ነፋስም ሳይገፋው፣
ተንከባለለ፣
ተንከባለለ፣
ከኋላው ግድግዳ ሥር ሄዶ ቆመ።
ደላላው ጣራ ጣራውን አየ።
«ሥሩ ሸክላ አፈር ነው» አሉ ሽማግሌው፤
«እየሰመጠ ነው፤ ቀስ ብሎ፣ እንደኔው።»

ደላላማ ደግ ነው፤ የማን ነው ደላላ?
አንድ አፍ ከሁለት ገበታ እንዴት ይብላ?

ሰኞ ስልክ አነሣች፣ የራሷን ልትቀጥር።
ኮሚሽኑን አልጠየቀች፣ ልምዱንም፣ ስሙንም፤
«ኪስህ ውስጥ» አለችው፣
«ብርቱካን አለ?»